ዓሣ በዓይኑ ዐ፣ በንጉሡ ሠ

አማቴ፣ የሚስቴ አባት ማለቴ ነው፣ ዓይናቸው ለቅርብ ነገር እምቢ ካለ ብዙ ዓመት ሆኖት ነበር። ማዶ ኮረብታ ላይ የቆመው በሬ የማን እንደሆነ አይሳሳቱም፤ እጃቸው ላይ ያለ ወረቀት ግን ለእሳቸው ጉም ነው። በልጅነታቸው ቤተ ክርስቲያን አድገው፣ ዳዊት ደግመው፣ ድቁና ተቀብለው፣ ኋላ ወደ እርሻው የተመለሱ ሰው ናቸው። ከመካነ ሰላም ወጣ ብሎ ባለው ቀበሌያቸው ማመልከቻ የሚጽፍ ሲታጣ የሚጠሩት እሳቸው ነበሩ። ፊደል ያስቆጠሯቸው ልጆችም ዛሬ ትልልቅ ሰዎች ሆነዋል፤ አሁንም ድረስ መንገድ ላይ ሲያዩዋቸው እጃቸውን ከኪሳቸው ያወጣሉ።

ዓይናቸው ሲደክም የማንበቡ ሥራ ለእኔ ወረደ። እውነቱን ልናገርና፣ ተመችቶኝ ነበር። የቀበሌ ማስታወቂያ በመጣ ቁጥር የሚያናድዳቸውን መስመር እየዘለልኩ አነብላቸዋለሁ።

"ይኸው ነው? እንዲህ አጭር ነው?" ይላሉ።

"አጭር ነው አባባ።"

"ድሮ መንግሥት ሲጽፍ እንዲህ አይቆጥብም ነበር" ይሉና ይተዉታል።

ባለፈው ጥቅምት ሚስቴ ነዝንዛኝ ደሴ ወሰድኳቸው። ሐኪሙ መረመራቸውና "የእርጅና ነው፤ መነጽር ይበቃቸዋል" አለ። በማግስቱ ጠዋት መነጽሩ ተሠርቶ መጣ። አማቴ አፍንጫቸው ላይ አስተካክለው ሲያበቁ መጀመሪያ እጃቸው የገባው እኔ የሞላሁት የሕክምና ካርድ ነበር። አነበቡት። ከዚያ ቀና አሉ።

"የአባቴን ስም በሃሌታው ሀ የጻፈው ማነው?"

ነርሷ ፈገግ ብላ በአገጯ ወደ እኔ ጠቆመች። "ልጅዎ ነዋ አባቴ፣ እሱ ነው የሞላው።"

"ልጄ እንኳ አይደለም" አሉ። "የልጄ ባል ነው።"

እስከዚያች ቀን ድረስ ለማንም ሲያስተዋውቁኝ "ልጄ ነው" ነበር የሚሉት።

የመካነ ሰላም መኪና የሚነሣው በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ስለሆነ ሙሉ ቀን በእጃችን ቀረ። ሚስቴ ደወለች። "እዚያ ድረስ ወስደህ ሐይቁን ሳታሳያቸው እንዳትመለስ። ዓሣም አብላልኝ፤ አንድ ቀን እንኳ ቀምሰው አያውቁም" አለች። እኔም ደስ አለኝ፤ ከካርዱ ወሬ የሚያርቀኝ ነገር ፈልጌ ነበር። በሚኒባስ ወደ ሐይቅ ከተማ ወረድን።

መንገዱን ሁሉ አነበቡ። "ጎማ እንጠግናለን።" "ሲጋራ ማጨስ ክልክል ነው።" "የሚከራይ ቤት አለ።" ሁሉንም ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ ልክ መልእክት እንደሚያነብ ዲያቆን በዜማ ሊያደርጉት ምንም ሳይቀራቸው። መጀመሪያ ሰው ዘወር እያለ ያየን ነበር፤ ኋላ ግን ለመዱት፤ አንዲት ልጅ እንዲያውም "አባቴ፣ ያለፍናት ቀይዋ ሰሌዳ ምን ትላለች?" ማለት ጀመረች። አጠገባቸው የተቀመጡት ባለ ጥምጥም ሽማግሌ ታዝበው ታዝበው፦

"አያ፣ አይደክምዎትም?" አሏቸው።

"ስንት ዓመት አርፌያለሁ" አሉ አማቴ፣ ዓይናቸውን ከመስኮቱ ሳያነሡ።

የምንሄደው ሐይቁ ውስጥ እንደ ምላስ በገባ መሬት ላይ ወዳለ የዓሣ አጥማጆች መንደር ነበር። በበጋ በእግር ይገባል። ክረምት ላይ ግን ውኃው ይሞላና የመሬቱን አንገት ይቆርጠዋል፤ እስከ ኅዳር ድረስ ደሴት ይሆናል። የመንደሩ ሰው ግን ዓመቱን ሙሉ "ደሴቱ" ነው የሚለው፤ ደረቅ መሬት ረግጠው በእግራቸው ሲገቡም "ደሴቱ ልገባ ነው" ይላሉ። እዚያ አንዲት ትንሽ ሙዝየም እንዳለች የነገረኝ የመሥሪያ ቤት ጓደኛዬ ነው። አማቴ የድሮ ነገር ስለሚወዱ ጥሩ አሳብ መስሎኝ ነበር።

እኛ በደረስንበት ጥቅምት ውኃው ገና አልጎደለም፤ በጀልባ መሻገር ነበረብን። አማቴ ሐይቁን ሲያዩ በርኖሳቸውን ሰብሰብ አደረጉ። ደገኛ ናቸው፤ የሚያውቁት ውኃ ቢበዛ እስከ ጉልበት ነው።  መነጽራቸውን አስተካክለው የጀልባዋን ጎን ማንበብ ጀመሩ። "ከዐሥር ሰው በላይ መጫን ክልክል ነው" ይላል። አንድ በአንድ ቆጠሩን።

"ዐሥራ አንድ ነን" አሉ።

"ዐሥር ነን አባቴ" አለ ጀልባ ቀዛፊው።

"ያ ሕፃንስ?" እናቱ ጀርባ ላይ ያንቀላፋውን ልጅ አሳዩት።

"እሱማ ታዝሎ የለ! ከእናቱ ጋር ነው የሚቆጠረው።"

"ነፍስ ታዝላለች እንዴ? ክልክል ከተባለ ክልክል ነው። ምንም አይደለም፣ እኔ እቀራለሁ። ወጣቶቹ ይሻገሩ።"

ፊታቸው ላይ ያለውን እፎይታ እያየሁ ሳቄን ዋጥኩ። ግን አንድ ነጋዴ "እኔ ዕቃ ረስቻለሁ፣ በሚቀጥለው እመጣለሁ" ብሎ ወረደ። አማቴ ሰውየውን ውለታ እንደ ዋለ ጠላት አዩት። መሐል ላይ ተቀምጠው ጉልበቴን በሁለት እጃቸው ጨምድደው ያዙት፤ ዳዊታቸውን በለሆሳስ ጀመሩ። ምንም አልተናወጥንም፤ ሐይቁ እንደ ሰፌድ የተዘረጋ ነበር። ስንደርስ እጃቸውን ከጉልበቴ ላይ አንሥተው "አንተ ፈርተህ ነበር አይደል?" አሉኝ። "ትንሽ" አልኳቸው።

ሙዝየሟ አንዲት ቆርቆሮ ክፍል ናት። በሩ ላይ ዕድሜዋ ወደ ሃምሳ የሚጠጋ፣ ሻሿን ጠበቅ አድርጋ ያሰረች ሴት መሬት ላይ ተቀምጣ መረብ ትጠግናለች። ስታየን መረቧን ገፋ አድርጋ ተነሣች።

"አሰላሙ አለይኩም፣ እንኳን ደህና መጣችሁ! አልሐምዱሊላህ፣ ዛሬስ እንግዳ አገኘሁ። ግቡ፣ ግቡ።"

የዓሣ አጥማጆቹ ማኅበር ክፍሏን ሰጥቶ፣ እሷ ደግሞ ቁልፉን ይዛ፣ ጠባቂም አስጎብኚም እሷው ነበረች። ክፍሉ ውስጥ የተለያዩ መንጠቆዎች፣ ጫፉ ላይ ድንጋይ የታሰረለት የድሮ መረብ፣ የደረቀ የአምባዛ ራስ አፉን በልቅጦ፣ የተሰነጠቀ መቅዘፊያ፣ አንድ አሮጌ ራዲዮ። በያንዳንዱ ሥር በካርቶን ላይ የተጻፈ መግለጫ ተለጥፏል። የራዲዮው "የድሮ ራዲዮ። አሁንም ይሰራል" ይላል።

"ከሠራ ለምን እዚህ ገባ?" አሉ አማቴ።

"ባትሪ የሚገዛለት ስለታጣ" አለች።

እኔ አምባዛውን እያየሁ ሳለ አማቴ ከግድግዳው ፊት ቆመው ቀሩ። ግድግዳው ላይ የዓሦች ሥዕል አለ፤ ከላዩ በትልቁ "ከሀይቃችን የሚወጡ የአሳ አይነቶች" ተብሎ ተጽፏል። አማቴ መነጽራቸውን አወለቁ፣ በጋቢያቸው ጫፍ ወለወሉ፣ መልሰው አደረጉ። ጽሕፈቱ አልተለወጠም።

"ይሄን ማነው የጻፈው?"

"እኔ" አለች፣ ሊመሰገን እንደተዘጋጀ ሰው።

"አራት ቃል፣ ሦስት ስሕተት!" አሉ። "እህቴ፣ ዓሣ በዓይኑ ዐ፣ በንጉሡ ሠ ነው። አንቺ በአልፋው አ እና በእሳቱ ሰ ጻፍሽው። ውኃ ውስጥ የሚኖር ፍጡር እሳት ውስጥ ጨመርሽው!"

እኔ መሬቱን አየሁ። ሴትየዋ ግን አልደነገጠችም።

"አባቴ፣ መጨረሻው እሳት አይደል? መጥበሻ ነው የሚጠብቀው። ፊደሉ ቀደም ብሎ ነገረው እንጂ ምን አጠፋ?"

ለአማቴ ማንም እንዲህ መልሶላቸው አያውቅም፤ እኛ ቤት እሳቸው ፊደል ሲያነሡ ሁሉም ሰው ውጭ የሚሠራው ሥራ ያገኛል።

"እሺ፣ ሐይቅስ?" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ሐይቅ በሐመሩ ሐ ነው። ሐመር በግዕዝ መርከብ ማለት ነው። ሐይቅ ያለ መርከብ ይሆናል?"

ይሄ ገባት። ጽሑፉን ዘወር ብላ አየችው። "ወላሂ ይሄስ እውነት ነው። ያለ ጀልባማ የት እንገባለን!" አለችና ወደ ጓዳው ገብታ አንድ ማርከርና አንድ እቅፍ ካርቶን ይዛ ወጣች። ደረታቸው ላይ አስታቀፈቻቸው። "አብሽር አባቴ። ተቆጥቶ መሄድ የለም። ቁጭ ይበሉና ያርሙልን።"

ከዚያ በኋላ፣ ግማሽ ሰዓት ልንቆይ በመጣንበት ቦታ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ዋልን። አማቴ የዓሣ ማጓጓዣ ሣጥን ገልብጠው ጠረጴዛ አደረጉት፤ በርኖሳቸውን አውልቀው ለእኔ አሸከሙኝ። ለዓመታት አልጻፉም፤ የመጀመሪያው መስመር ተጣመመባቸው። ያን ካርቶን ቀደዱት። ሁለተኛው ላይ እጃቸው ተመለሰ፤ ያ የቤተ ክርስቲያን አጣጣል፣ እያንዳንዱ ፊደል እንደ ምሰሶ ቀጥ ያለ። የእኔ ሥራ ኮላ መቀባት ነበር። እሷ በሩ ላይ ተመልሳ መረቧን እየጠገነች የቃል ጽሑፍ ትነግራቸዋለች፤ እሳቸው ይጽፋሉ፤ በየመሐሉ ይከራከራሉ።

"ሙዝየም የሚለው ይነሣና ቤተ መዘክር ይባል" አሉ።

"እሱስ አይሆንም። ቤተ መዘክር ብንል ግማሹ ሰው ቤተ ክርስቲያን መስሎት ጫማውን አውልቆ ይገባል፤ ግማሹ ደግሞ ሙስሊም ነው፣ በሩ ላይ ይቀርብኛል። ሙዝየም ለሁላችንም ባዕድ ነው፤ ማንም አይጣላም።"

አሰቡበት። ሙዝየም ብለው ጻፉ።

አንድ ጥግ ላይ ግን ነገር ተነሣ። ምስማር ላይ የተሰቀለ ጥቁር በርኖስ ነበር፤ መግለጫው "በርኖስ። ድሮ የደጋ ሰዎች ይለብሱት የነበረ ልብስ" ይላል። አማቴ ካነበቡ በኋላ እኔ ክንድ ላይ ያለውን የራሳቸውን በርኖስ አዩ፤ ከዚያ የተሰቀለውን አዩ።

"ድሮ?" አሉ። "እኔ ድሮ ነኝ?"

ሴትየዋ ሁለቱን በርኖሶች አስተያየች። የእሳቸው ይበልጥ ያረጀ ነበር። "ያረቢ! አባቴ፣ ምንም አልልም። ዝም ብለው እዚያ ምስማር ሥር ቢቆሙ ግን ካርቶን እለጥፍብዎት ነበር።"

ሳቁ። አማቴ ሲስቁ ድምፅ የላቸውም፤ ትከሻቸው ብቻ ነው የሚነቃነቀው። ትከሻቸው ለረጅም ጊዜ ተነቃነቀ። ካርቶኑ ላይ "የደጋ ሰዎች የሚለብሱት ልብስ። እስከ ዛሬም" ብለው አረሙት።

ፀሐይ ወደ ሐይቁ ማዘንበል ስትጀምር የቀረው በክፍሉ መጨረሻ፣ በእንጨት ላይ የተቀመጠችው ታንኳ ብቻ ነበረች። በቄጠማ የታሰረች፣ ደርቃ የነጣች ታንኳ ናት። የእሷ መግለጫ ካርቶን አልነበረም፤ በጣውላ ላይ በቀለም የተጻፈ ነው። አማቴ ማርከሩን ይዘው ሲጠጉ ሴትየዋ መረቧን ጥላ ተነሣች።

"ይሄን አይንኩብኝ" አለች። የቅድሙ ድምፅ አልነበረም።

አማቴ ቆሙ።

"የወንድሜ ጽሕፈት ነው። ይሄን ሁሉ ዕቃ የሰበሰበው እሱ ነው። ሰው ሊያነድደው ያለውን እየለመነ፣ ጎርፍ የወሰደውን እየለቀመ። ፊደል የተማረው አርባ ዓመት ካለፈው በኋላ ነው፤ ከልጁ ደብተር ላይ። ከጻፋቸው የቀረችው ይቺ ብቻ ናት።"

"ውኃው ነው የወሰደው?" አልኩ እኔ።

"ደገኛ ሁሉ እንዲህ ይላል" አለችኝ። "ዓሣ አጥማጅ ሁሉ ውኃ የሚበላው ይመስላችኋል። ስኳር ነው የገደለው። ሻይ ይወድ ነበር።"

አማቴ ማርከሩን ለእኔ ሰጡኝና ጎንበስ ብለው አነበቡ። በትከሻቸው ላይ አሻግሬ አየሁ። "ይች ታንኮ ያባቴ ነበርች። ቀዘፋን ተመርኩባት። አሁን አርፋልች" ይላል። አንዱ ረ ወደ ግራ ዞሯል፤ "ተማርኩባት" የሚለው ተመርኩባት ሆኗል። እኔ እንኳ፣ የአማቴን አባት ስም የምስት ሰው፣ ቆሜ ሳለሁ አራት ስሕተት ቆጠርኩ። እሳቸው ስንት እንደቆጠሩ እግዜር ይወቅ።  የፈራሁት ልማዳቸው አሸንፏቸው አንዲት ቃል እንዳይተነፍሱ ነበር።

ቀና አሉ። "ምኑን ነው የምነካው? ስሕተት የለበትም" አሉ።

 ከዚያ ሴትየዋ በሻሿ ጫፍ ዓይኗን ጠረግ አድርጋ፦

"አባቴ፣ መነጽሩ ግን ደህና ነው?" አለች።

"አዲስ ነው። ገና አልለመደኝም" አሉ።

ዓሣውን የበላነው እዚያው፣ እሷ ቤት ነው። እምቢ ብንልም አልሰማችንም። ሙሉ ቆሮሶ ጠብሳ፣ በሎሚና በአዋዜ አቀረበች። አማቴ መጀመሪያ ዓሣውን ሲያዩት ዓሣውም መልሶ አያቸው፤ ራሱ አልተቆረጠም ነበር። "ሥጋ ሆኖ እሾህ አለው፤ ምን ዓይነት ነገር ነው?" እያሉ በመነጽራቸው እያንዳንዷን አጥንት ለቅመው ከሳሕኑ ዳር ደረደሩ። ፊደል እያረሙ ያሉ ነው የሚመስለው። የመጀመሪያውን ሲጨርሱ የእኔን ግማሽ ወደ ራሳቸው ሳቡት። በጀልባ ስንመለስ ሰው አልቆጠሩም፤ ተሳፋሪው ዐሥራ ሦስት ነበር፤ እኔ ቆጥሬያለሁ።

በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ መኪናችን ከደሴ ተነሣ። ጉጉፍቱ ደጋው ላይ ብርዱ ሲገባ በርኖሳቸውን ሰብሰብ አደረጉ። እንቅልፍ የወሰዳቸው መስሎኝ ነበር።

"አርባ ዓመት ካለፈው በኋላ ነው ያለችው?" አሉ።

"ማን አባባ?"

"ወንድሟ። ፊደል የተማረው።"

"አዎ፣ እንዲያ ነው ያለችው።"

 አቀስታ ላይ ሻይ ስንጠጣ ያላሰብኩትን ነገር አወሩኝ። ገና እንደተጋቡ የሚስቴን እናት ፊደል ሊያስተምሯት ሞክረው ነበር። ለ ላይ ደርሳ ሉን ከሊ እያምታታች አስቸገረቻቸው። ተቆጧት። እሷም ሰሌዳውን አስቀምጣ ዱቄቷን ልታቦካ ሄደች፤ አልተመለሰችም። "ያን ሁሉ የሰው ልጅ አስተምሬ" አሉ፤ ቀሪውን ሳይጨርሱት ሻያቸውን ጠጡ።

ቤት ከገቡ በኋላ የሆነውን እኔ በዓይኔ ያየሁት ጥቂቱን ነው፤ ሌላውን ሚስቴ ናት የነገረችኝ። ከሳምንት በኋላ አማቴ ከመካነ ሰላም ገበያ አንድ ደብተርና አንድ እርሳስ ገዝተው ገቡ። የሚስቴ እናት መጀመሪያ ሳቀች። "ዛሬ ነው የታየሁህ? መነጽሩ እኔንም አሳየህ?" አለቻቸው። ግን ተቀመጠች። ሰባ የሞላት ሴት፣ ጣቶቿ ከባልጩት የጠነከሩ፣ እርሳሱን እንደ ወፍጮ መጅ ጨብጣ ትጽፋለች። አማቴ አጠገቧ ይቀመጣሉ። ስሕተት ስትሠራ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ከዚያ ተነሥተው ይወጣሉ። አንድ ቅዳሜ ልጠይቃቸው ሄጄ በረቱ አጠገብ አገኘኋቸው፤ በሬውን እየተቆጡ ነበር።

"ምን አደረገ አባባ?" አልኳቸው።

"እሱማ ምንም አላደረገም" አሉ። "ሐንና ኀን ደባልቃብኝ ነው።"

ይህን የምጽፈውም ሚስቴ አንድ ቀን ወስዳ እንዳታሳያቸው እየፈራሁ ነው።

በየካቲት ለእኛ አንድ ማዳበሪያ ባቄላ ላኩልን። አፉን ስንፈታ ከላዩ ላይ በአራት የታጠፈ የደብተር ወረቀት አገኘን። የአማቴ ምሰሶ ፊደል አልነበረም። ፊደሎቹ ትልልቅ፣ አንዱ ወደ ላይ አንዱ ወደ ታች፣ አንዳንዱ ላይ እርሳሱ ወረቀቱን ወግቶታል። ሚስቴ መሬት ላይ ቁጭ ብላ አነበበችው፤ እንደገናም አነበበችው። ለእኔም ሰጠችኝ። "ባቄለ ነው። ድንጋይ አለበት። ልቀሚ" ይላል።

ሚስቴ ወረቀቱን መደርደሪያው ላይ፣ ከሠርጋችን ፎቶ አጠገብ አቆመችው። ከዚያ ሰፌድ አውጥታ ባቄላውን መልቀም ጀመረች። እውነትም ድንጋይ ነበረበት።